ሰብሉን ሳታዩ ካሳ አትቁረጡ

ልጆቼ፤ የነቀምቴና የጊምቢ፣ የሻምቡና የደምቢ ዶሎ፣ የነጆና የመንዲ ነጋዴዎች፣ ዘይት ጨማቂዎችና ገበሬዎች፣ ጓዳ የምታስተዳድሩ እናቶችም፣ ጥቂት ጊዜ ስጡኝ። ሽምግልና ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ነገርን አለመቸኮል ነው። እኔም እያዘገምኩ ልናገር፣ እናንተም እያዘገማችሁ ስሙኝ።

አባቶቻችን «የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይስቃል፣ ብልህ ያለቅሳል» ብለዋል። ሞኙ ጨው በየሜዳው ተበተነልኝ ብሎ ይፈነድቃል፤ ብልሁ ደግሞ ነገ ከየት ልንቆርጥ ነው ብሎ ይተክዛል። ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ዋጋው ድንገት ወርዶ ገበያችንን ሲያጥለቀልቅም እንዲሁ ነው። ገዢው እሰይ ይላል፤ ያንኑ ዕቃ እዚህ የሚሠራው ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔ ግን በአባቶች ቃል ላይ አንድ ልጨምር፦ ሳቁም ለቅሶውም ፍርድ አይደለም። የሳቀውን ሞኝ ነው ብለን አንናቀው፤ ያለቀሰውንም ብልህ ነው ብለን ሳንመረምር አንፍረድለት።

ወለጋ ንግድን ከጥንት ያወቀ ምድር ነው። በሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች፣ በሞረዳ በከሬና በልጃቸው በደጃዝማች ኩምሣ ሞረዳ ዘመን፣ ሲራራ ነጋዴ በዚህ ሲመላለስ ኬላ ላይ ቀረጡን ከፍሎ ያልፍ ነበር። ኋላም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በባሮ ወንዝ ላይ የጋምቤላ ወደብ ሲከፈት፣ የምዕራቡ ቡና በዚያ ወደ ሱዳን ወረደ፤ ጨውና አቡጀዲ በዚያው መንገድ ወደ እኛ ወጣ። በአሞሌ ንግድ የሚተዳደረውና ሸማ ሠርቶ የሚያድረው ሰው ያን ጊዜ ምን እንዳለ መገመት አያዳግትም። ሩቅ አገር የተሠራ ዕቃ እዚህ ያለውን እጅ ሥራ ሲያስፈታ ማየት ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ወደ ዘመናችን ነገር ልግባ። ከክረምቱ ማግሥት በመስከረምና በጥቅምት የወለጋን ተዳፋት ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ የዚህችው የኢትዮጵያ ተወላጅ ነው። ከአበባው ንብ ማር ትቀስማለች፤ ከፍሬው ዘይት ይወጣል፤ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ላሚቱንና የሚደልበውን በሬ ይቀልባል። አንድ መጭመቂያ ቢዘጋ የሚጎዳው ባለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ኑግ የዘራው፣ ፋጉሎ የሚገዛው፣ ዘይት ቀድታ የምትሸጠውም አብረው ይጎዳሉ።

በዚህ መካከል ፓልም ዘይት መጣ፤ ሕዝቡ «የሚረጋ ዘይት» የሚለው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት የመሠረታዊ ሸቀጦችን ዋጋ ቆረጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተመኑ ከብዙዎቹ ዕቃዎች ሲነሣ፣ ዘይትና ስኳር ግን ከመንግሥት እጅ አልወጡም። ፓልም ዘይት ከውጭ እየተገዛ፣ በሸማቾች ማኅበራት በኩል በተቆረጠ ዋጋ ሲታደል ዓመታት አለፉ። ለድሃው ቤት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ባይመጣ ኖሮ ስንቱ ቤት ወጥ ያለ ዘይት ይወጠወጥ ነበር። ለኑግ ጨማቂው ግን የተቆረጠው ዋጋ እርሱ ፍሬውን ከሚገዛበት ጋር የማይገናኝ ሆነበት። እንግዲህ ሁለት እውነት ፊት ለፊት ቆመዋል፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን መካድ አይገባም።

ጨማቂው «የውጭው ዘይት ተደጉሞ ነው ያጠፋኝ፤ ቀረጥ ይጣልበት» ቢልስ? አቤቱታው ሊሰማ የሚገባው ነው። የባዕድ አገር መንግሥት ከግምጃ ቤቱ አውጥቶ ለአምራቹ እየሰጠ ዕቃውን ቢያረክሰው፣ ያም ዕቃ የተቀባዩን አገር አምራች ቢጎዳ፣ ተጎጂው አገር የማካካሻ ቀረጥ ሊጥል እንደሚችል የዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነት ይፈቅዳል። ስምምነቱ ከድርጅቱ ጋር በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለ ነው። ኢትዮጵያም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚያ ማኅበር ለመግባት ደጅ ስትጠና ኖራለች። በ2018 ዓ.ም. መስከረምም በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ሥር መነገድ ጀምራለች፤ የዚያም ስምምነት ስለ ድጎማና ስለ ማካካሻ የራሱ ደንብ አለው። በሩ እየሰፋ ሲሄድ እንዲህ ያለው ክርክር ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ከወዲሁ ዳኝነቱን እንማር።

ዳኝነቱ ለእናንተ አዲስ አይደለም። የጎረቤት ከብት ማሳ ገብቶ ሰብል በላ ተብሎ ሽማግሌ ሲጠራ፣ ሽማግሌ ከሳሹን ብቻ ሰምቶ ካሳ አይቆርጥም። ተነሥቶ ማሳው ድረስ ይሄዳል። መጀመሪያ ከብቱ በእርግጥ የዚያ ሰው መሆኑን ያጣራል። ቀጥሎ የተበላውን በእግሩ እየዞረ ያያል። ሦስተኛውና ከባዱ ደግሞ አለ፦ ይህን ያጠፋው ከብቱ ነው? ወይስ ትናንት የወረደው በረዶ፣ ወይስ ሌሊት የገባው ከርከሮ? በረዶ የጣለውን በከብቱ ባለቤት ላይ የቆጠረ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ አይጠራም። ካሳውም ከተበላው አይበልጥም።

የዓለሙም ሕግ ከዚህ አልራቀም። መርማሪው ሦስት ነገር ማረጋገጥ አለበት፦ ድጎማው መኖሩን ከነመጠኑ፣ የሀገር ውስጡ አምራች መጎዳቱን፣ ጉዳቱንም ያመጣው ያ የተደጎመ ዕቃ መሆኑን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቀረጥ የለም። በሌላ ምክንያት የመጣ ጉዳት በገቢው ዕቃ ላይ እንዳይጫን ሕጉ በግልጽ ይከለክላል።

አሁን ይህን ሚዛን ወደ ራሳችን መጭመቂያ እናምጣው። ጨማቂው የተጎዳው በፓልም ዘይት ብቻ ነውን? ኑጉና ሰሊጡ በጥሬው ወደ ውጭ እየተጫነ ፍሬው ሲወደድበት፣ መብራት ሲጠፋ መኪናው ሲቆም፣ ባለፉት ዓመታት ሰላም ርቆ መንገድ ሲዘጋ ገበሬው ኑጉን ገበያ ማድረስ ሲያቅተው፣ ይህ ሁሉ ጉዳት ነው፤ ግን የባዕድ መንግሥት ድጎማ አይደለም። ዓባይን ተሻግራችሁ ቡሬ ብትሄዱ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውና በቀን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሊትር ማምረት ይችላል የተባለለት ፊቤላ ፋብሪካ አለ። ያን ያህል ግዙፍ መኪና እንኳ ጥሬ ዕቃ ካላገኘ ዘይት አያፈስም። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም በገቢው ዘይት ላይ መጫን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ነው። ዳውላው ቢደበደብ ደግሞ አህያው መንገዱን አያስተካክልም፤ ቀረጡ ተጥሎም መብራቱ እየጠፋ፣ ፍሬው እየተወደደ ይቀጥላል።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ብዙ ሰው የማያስበው። የሚረጋው ዘይትና የኑግ ዘይት አንድ ዓይነት ዕቃ ናቸው? ሕጉ ተጎዳሁ የሚለው ሰው የሚሠራው ዕቃ ከገቢው ጋር አንድ ወይም እጅግ የተቀራረበ እንዲሆን ይጠይቃል። ለዚህ ምስክር መጠራት ያለባት ወጥ የምትሠራዋ እናት ናት። የኑግ ዘይት ለጾም ወጥ ካጣች የሚረጋውን በቦታው ትጨምረዋለች? ወይስ የኑግን ሽታና ጣዕም ሌላ ዘይት አይተካውም ትላለች? መልሷ ክሱን ሊያቆመውም ሊጥለውም ይችላል። ደግሞም «የሀገር ውስጥ አምራች» የሚባለው ማነው? ኑግ የሚጨምቀው ትንሹ ባለመኪና አለ፤ ድፍድፍ ፓልም ከውጭ አስመጥቶ የሚያጣራ ፋብሪካም አለ። አንዱ ቀረጥ ሲጣል ይድናል፤ ሌላው ይጎዳል። ለዚህ ነው ሕጉ አቤቱታውን ከሀገር ውስጥ ምርቱ ቢያንስ 25 በመቶ የሚያመርቱት እንዲደግፉት፣ ደጋፊና ተቃዋሚ ሲመዘንም የደጋፊዎቹ ምርት እንዲበልጥ የሚያዘው። አንድ ጉልበተኛ በሁሉም ስም እንዳይጮህ ነው።

ልጆቼ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውንም አትርሱ። ሕጉ የጊዜ ልጓም አለው። ምርመራ ሳይከፈት የተከሰሰው አገር ለምክክር ይጠራል። መርማሪው ለሚልክለት መጠይቅ መልስ ቢያንስ 30 ቀን ይሰጠዋል። ጊዜያዊ ቀረጥ ምርመራው ከተከፈተ 60 ቀን ሳይሞላ አይጣልም፤ ከተጣለም ከ4 ወር አያልፍም። ምርመራው በአንድ ዓመት፣ ቢዘገይ በ18 ወር ማለቅ አለበት። ቀረጡ ከድጎማው አይበልጥም፤ አነስ ያለው ጉዳቱን የሚያስቀር ከሆነም ያነሰው ይመረጣል። ዳግም ተመርምሮ ካልጸና በቀር በ5 ዓመት ይነሣል። ዕቃው ከታዳጊ አገር የመጣ ሆኖ ድጎማው ከ2 በመቶ ካልበለጠ ነገሩ ይዘጋል። ይህን ሁሉ ያነሣሁት እንድትሸመድዱት አይደለም። መዘግየቱ ለምን እንደተሠራ እንድታስተውሉ ነው፦ ያልተሰማ ሰው እንዳይፈረድበት፣ የተጎዳም ሰው ፍርድ ሲጠብቅ እንዳያረጅ።

የቸኮለ ፍርድ ምን እንደሚሆን ዓለም አይቷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2012 ዓ.ም. ከኢንዶኔዥያ በሚመጣ ባዮዲዝል በሚባል የመኪና ነዳጅ ላይ ከ8 እስከ 18 በመቶ የማካካሻ ቀረጥ ጣለ። ባዮዲዝሉ የሚሠራው ከዚያው ከፓልም ዘይት ነው። ክሱም የኢንዶኔዥያ መንግሥት ድፍድፍ ፓልሙ ወደ ውጭ ሲወጣ ቀረጥ እየጣለ በሀገር ውስጥ አርክሶታል፣ ይህም ለአምራቾቹ ድጎማ ነው የሚል ነበር። ኢንዶኔዥያ ለዓለም ንግድ ድርጅት አቤት አለች። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ የድርጅቱ ሸንጎ ውሳኔውን ሲያወጣ፣ በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች የኅብረቱ መርማሪ ድጎማውንም የጉዳቱን ሥጋትም እንደሚገባ አላረጋገጠም አለ። ልብ በሉ፤ ባለጠጋ፣ ሊቃውንት የሞሉት ኅብረት እንኳ ማሳውን በደንብ ሳያይ ካሳ ቆረጠ ተባለ። እኛ ደግሞ የሌላውን ግምጃ ቤት ሳናውቅ «ተደጎመ» ብለን ብንጮህ ማን ይሰማናል? ርካሽ የሆነ ሁሉ የተደጎመ አይደለም። የፓልም ዛፍ ከትንሽ መሬት ብዙ ዘይት ስለሚሰጥ ብቻ ዘይቱ ሊረክስ ይችላል፤ ይህ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ወንጀል አይደለም።

ርካሹን ተደግፎ መተኛትም አደጋ እንዳለው በ2014 ዓ.ም. አየን። ፋሲካ በዋለበት ሳምንት፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለች። እገዳው ግንቦት 15 ቀን ቢነሣም፣ ቀድሞውንም ያሻቀበው የዘይት ዋጋ እናቶቻችንን ምን እንዳደረጋቸው ራሳቸው ይንገሯችሁ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ለዚህ ነው። የወለጋ መጭመቂያ ሁለተኛው ባላ ነው። ይህ ግን ለቀረጥ ምክንያት አይሆንም፤ መጭመቂያውን በፍሬ፣ በመብራትና በመንገድ ለመደገፍ ምክንያት ይሆናል። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ፍርድንም ልማትንም ያበላሻል።

አሁን ወደሚያምመው ልምጣ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይባላል። ለብዙ ዓመት ዘይቱን ተምኖ ያደለው የእኛው መንግሥት ነበር። በችግሩም ጊዜ በፍራንኮ ቫሉታ፣ ማለትም ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠየቅ፣ የምግብ ዘይት ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ የፈቀደው እርሱው ነው። ለሕዝቡ አስቦ አድርጎታል፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ኑግ ጨማቂውን የገፋው የገዛ ሀገሩ ውሳኔ ሆኖ ሳለ ካሳውን ከባዕድ መጠየቅ ፍርድ አይሆንም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም»። የእኛ ድርሻ ይህን ያህል ነው ብሎ መጀመሪያ መናገር ያስከብራል እንጂ አያዋርድም። ከዚያ የተረፈው የሌላው ድርሻ ከሆነ፣ ያን ጊዜ አቤቱታችን ክብደት ይኖረዋል።

ደግሞም ተከሳሽ የምንሆንበት ቀን ሩቅ አይደለም። በኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን ለሚሠሩ ፋብሪካዎች የግብር እፎይታ እንሰጣለን፤ ነገ አንድ አገር «ይህ ድጎማ ነው» ሊለን ይችላል። ለእንደኛ ላለው እጅግ ድሃ አገር ስምምነቱ አንዳንድ ነገር ያቀልለታል፤ ከማካካሻ ቀረጥ ምርመራ ግን ነፃ አያወጣውም። ያን ቀን መርማሪው እንዲሰማን፣ መልስ ለመስጠት በቂ ቀን እንዲሰጠን፣ በወሬ ሳይሆን በመዝገብ እንዲመዝነን እንፈልጋለን። በነገው ወንበር ላይ እንዲቀመጥልን የምንመኘውን ዳኛ ዛሬ በራሳችን ወንበር ላይ እናስቀምጠው።

እንግዲህ ለየአንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቃል ልስጥ።

እናንተ ዘይት ጨማቂዎች፣ «ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር»። ለመናገር ግን መዝገብ ያስፈልጋል። ስንት ኩንታል ኑግ በስንት ብር እንደገዛችሁ፣ ስንት ሊትር እንደጨመቃችሁ፣ ፋጉሎውን በስንት እንደሸጣችሁ፣ መብራት የጠፋበትን ቀን ሳይቀር ጻፉ። የጎዳችሁን ብቻ ሳይሆን የራሳችሁንም ጉድለት ጻፉ፤ ዳኛ የሚያምነው እንዲህ ያለውን መዝገብ ነው። ለየብቻም አትቁሙ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና ከነጆና ከመንዲ፣ ከሻምቡና ከአርጆ ካሉት ጋር በአንድ ማኅበር ተሰብሰቡ። በኑጉ ላይ ሌላ ነገር እየደባለቀ የሚሸጠውን ደግሞ ራሳችሁ ገሥጹት፤ የእርሱ ኃጢአት ነገ በሁላችሁ ክስ ላይ ይነበባል።

እናንተ ከውጭ የምታስመጡ ነጋዴዎች፣ ደረሰኛችሁን አትደብቁ። ዕቃውን በስንት እንደገዛችሁት ስትጠየቁ እውነቱን ብትናገሩ፣ በሐሰት ከተከሰሳችሁ የሚያድናችሁ ያው ደረሰኝ ነው።

እናንተ በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴርና በጉምሩክ ኮሚሽን ወንበር ያላችሁ ልጆቻችን፣ ሽማግሌ ማሳ ድረስ እንደሚሄድ እናንተም እስከ ነቀምቴ ውረዱ። አዲስ አበባ ላይ የሚመሰክረው ትልቁ ፋብሪካ ብቻ እንዳይሆን፣ የትንሹን ባለመኪና ቃል በሚያውቀው ቋንቋ ተቀበሉ። የነጋዴውን የንግድ ምስጢር ጠብቁ፤ የወሰናችሁበትን ምክንያት ግን በአደባባይ አስነብቡ። ቀረጥ ከመጣላችሁ በፊት አንድ ሊትር ዘይት ለመግዛት የምትቸገረውን እናት ጠይቁ፤ እርሷ የምትከፍለው እንዳይታወስ ተደርጎ የተቆረጠ ካሳ ከአንዱ ድሃ ነጥቆ ለሌላው ድሃ መስጠት ነው። ከወሰናችሁም በኋላ ቀረጡ የሚነሣበትን ቀን አብራችሁ ጻፉ።

እናንተ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ወጣቶች፣ ሕጉንና ሒሳቡን ተማሩት። የነቀምቴ ባለመጭመቂያ መጠይቅ ሞልቶ ለመላክ ከሩቅ አገር ጠበቃ መቅጠር የለበትም፤ በሠፈሩ ያደገ ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ ይሙላለት።

ኑጋችሁ ያፍራ፤ መንገዳችሁ ይከፈት። ሚዛናችሁ ለወዳጅም ለባዕድም እኩል ይቁም። አገራችንን ተበዳዩ ሳይሰማ፣ ተከሳሹም ሳይመልስ ፍርድ የሚሰጥባት አያድርጋት። አሜን በሉ፤ አሜን ካላችሁ በኋላ ደግሞ ወደ ቤታችሁ ገብታችሁ መዝገቡን ዛሬውኑ ክፈቱ።